የባለ ክንፉ ሸሚዝ

ገጽ የምትገልጠው በትንሿ ጣቷ ነው። አውራ ጣቷ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አልታጠፍም ብሎ እንደ ግትር ልጅ ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ ሌባ ጣቷም እሱን ልከተል አልከተል እያለ ያመነታል። ስለዚህ የገጹ መጨረሻ ሲደርስ ትንሿ ጣት ከዳር ብድግ ትልና፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ስር ሹልክ ብላ ገብታ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ ብርድ ልብስ እንደሚገለጥ ሁሉ ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። ይህን ያየ ሰው መጽሐፉ ምን እንደሚል ገና ሳይሰማ ልቡ ይረታል።

እትዬ ምዕራፍ ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ሸሚዝ መስፊያ ቤቱ ውስጥ ግን «ይህችን ምዕራፍ ልጨርስና» ሳትል ከወንበሯ ተነስታ ስለማታውቅ ይኸው ስም ጸድቆላታል። ብቻዋን ትኖራለች። በሙቀትም በብርድም ከላይዋ ላይ የማታወልቃት አንዲት ግራጫ ሹራብ አለቻት። «ምነው እትዬ፣ አይሞቅሽም እንዴ?» ሲሏት «ደሜ ቀዝቃዛ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

የምትሠራው ላይኛው ፎቅ፣ የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ ነው። ከታች የስፌት መኪኖቹ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጩ ይውላሉ፤ የተሰፋው ሸሚዝ ደረጃውን ወጥቶ ላይ ሲደርስ ግን ጸጥታ ይቀበለዋል። እዚያ ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ቁልፍ ይተክላሉ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ይዘመዝማሉ፣ የተረፈ ክር ይለቅማሉ። ክፍሉ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ አንድ ልማድ አለው። ከምሳ በኋላ አንዷ ታነባለች፤ ሌሎቹ የእሷን ድርሻ ሸሚዝ ተካፍለው ይሠሩላታል። ድሮ በተራ ነበር። የእትዬ ምዕራፍ ድምፅ አንዴ ከተሰማ በኋላ ግን ተራ የሚባለው ነገር ተረሳ። ያ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ለስለስ ይላል፤ ንጉሥ ሲናገር ይነግሣል፣ ሌባ ሲናገር ይሰርቃል።

ሁሉም እያወቁት ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነገር ደግሞ ነበር። ያ አውራ ጣት መርፌ መያዝ አቁሟል። ጠዋት ጠዋት እትዬ ምዕራፍ ቁልፎችን በየመልካቸው ስትለይ ታረፍዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ታነባለች። ንባቡ ከቀረ ከሰዓቷን የምትሞላበት ሥራ የላትም። ሥራ የሌላት ሴት ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር አይኖራትም።

አለቃዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብቻ ፊቷ በካውያ የተተኮሰ ይመስላል፤ አንዲት መስመር እንኳ ወጥታበት አታውቅም። ባለፈው የተነበበው መጽሐፍ የጦርነት ታሪክ ነበር፤ መሃሉ ላይ እናትየው ስትሞት ጠረጴዛው በሙሉ ተላቀሰ፤ የዕለቱ ሸሚዝም በእንባ ርሶ እንደገና ተተኮሰ። አለቃዋ ያን ዕለት እጆቿን አጣምራ መጣች።

«ስሚኝማ እትዬ፣ ይሄ ሸሚዝ ቤት ነው እንጂ ልቅሶ ቤት አይደለም። የሚቀጥለው መጽሐፍ እጅ ካዘገየ ሬዲዮ አስገባለሁ። ሬዲዮ እንደሆነ ድርሻዬን ሥሩልኝ አይልም።»

«የሚቀጥለው ሌላ ነው» አለች እትዬ ምዕራፍ። «የሚቀጥለውን አንዴ ከሰማሽ አንቺው ራስሽ ከእጄ ትነጥቂኛለሽ።»

ይህን ስትል መጽሐፉን አላነበበችውም። ዝናውን ግን የት ሄዳ ታመልጠዋለች! ከተማው በሙሉ በዚያ መጽሐፍ ታሟል። አውቶቡስ ውስጥ በአንድ እጃቸው ብረቱ ላይ ተንጠልጥለው በሌላው የሚያነቡ አሉ። የጎረቤቷ ልጅ ትራሷ ስር አድርጋው ትተኛለች። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ የያዘች ሴትዮ ስሟ ሲጠራ «ትንሽ ቆዩ፣ አሁን ሊስማት ነው» ብላ ተራዋን አሳልፋለች ይባላል። ባለ ክንፍ ልዑል፣ የተረገመ ቤተ መንግሥት፣ ክንዷ ላይ የሚያበራ ምልክት ያለባት ድሃ የመንደር ልጅ። ሽፋኑ ላይ ወርቃማ ላባ ታትሟል፤ ጣት ሲያርፍበት ሻከር ይላል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ምዕራፍ ፊቷን ታጥባ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሆና ተቀመጠችና መጽሐፉን ገለጠችው።

ልዑሉ ስምንት መቶ ዓመት ኖሯል። ስምንት መቶ ዓመት! መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ሰማይ አየች። ይህን ያህል የኖረ ሰው ስንት ዝናብ አይቷል፣ ስንት ጎረቤት ቀብሯል፣ ስንት ዓይነት ዳቦ ቀምሷል! ምን ምን ሊያጫውታት ነው ብላ ጓጓች። ልዑሉ ግን ጨዋታ አያውቅም። ያኮርፋል። ገጽ በተገለጠ ቁጥር መንጋጋው ይወጠራል፤ ዓይኑ እንደ ቀለጠ ብር ይንቀለቀላል፤ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ይላል። ልጅቷ ደግሞ ትሰናከላለች። ደረጃ ላይ ትሰናከላለች፣ ምንጣፍ ላይ ትሰናከላለች፣ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ሳይቀር ትሰናከልና እሱ ይይዛታል፤ በያዛት ቁጥር ተራራው ይናወጣል።

«ምናለ ጫማዋን ለክታ ብትገዛ!» አለች እትዬ ምዕራፍ ለባዶው ቤት።

ቤተ መንግሥቱ ክፍሉ ተቆጥሮ አያልቅም፤ አንሶላ የሚያጥብ ሰው ግን አንድም የለም። ማንም አይርበውም። ማንም «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» አይልም። ቢሆንም ቶሎ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ዘግይቶ የሚሞቅ መጽሐፍ እንዳለ ታውቃለች። ብርሃኑ እየደከመ ሲሄድ ግን ውስጧ የሆነ ነገር ዝቅ አለ። ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ የተጠራችበት አዳራሽ ደርሳ በሩ ተዘግቶ እንዳገኘችው ያህል ነበር። ከሁሉ ያሳዘናት ደግሞ መጽሐፉ መጥፎ መሆኑ አልነበረም። አገር ሁሉ ያጣጣመው ነገር ለእሷ ብቻ አልጣፍጥ ማለቱ ነው። «እኔ ይሆን ያረጀሁት?» አለችና መጽሐፉን ዘጋችው።

ሰኞ መጣ፤ ምሳ ተበላ፤ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አለቃዋ መደርደሪያው ላይ ሬዲዮ የሚያስቀምጥ ቦታ አስጠርጋ አዘጋጅታለች። እትዬ ምዕራፍ ያንን ባዶ ቦታ አየችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

የቻለችውን ያህል አነበበች። ድምፅዋን አወፈረች፣ አቀጠነች። ሴቶቹ በጨዋነት ሰሙ፤ ከጨዋነት አልፎ ግን አልሄደም። አንዷ አዛጋች። ሌላዋ ክር ፈልጋ ተነሳችና ሳትመለስ ቀረች። ይሄኔ ከሴቶቹ አንዷ፣ የመንታዎቹ እናት የሚሏት፣ መርፌዋን አየር ላይ አቆመች። ይህች ሴት ያለ ጥያቄ ውሎ ማደር የማይሆንላት ናት።

«ቆይማ እትዬ። ይሄ ሰውዬ ክንፍ አለው አላልሽም?»

«አለው።»

«ከጀርባው?»

«ከጀርባው ነዋ! ከየት ሊወጣለት ነበር?»

«ታዲያ ሸሚዝ እንዴት ነው የሚለብሰው?»

እጆች ሁሉ ቀጥ አሉ። ዕድሜያቸውን ሸሚዝ ላይ የጨረሱ ሴቶች ናቸው፤ ጥያቄው አጥንታቸው ድረስ ገባ።

«ጀርባው የተተረተረ ይሆናላ» አለች አንዷ።

«ከተተረተረማ ከትከሻው ይወርዳል። ምን ሊይዘው!»

«ኧረ በሉ ራቁቱን ነው የሚዞረው!»

«ስምንት መቶ ዓመት ራቁቱን? ያውም ልዑል?»

አለቃዋ ያልተነኩትን ሸሚዞች አየች፤ ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረች። እትዬ ምዕራፍ ገጹን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ሮጠችበት። ስለ መንጋጋው አለ፤ ስለ ዓይኑ አለ። ስለ ሸሚዙ አንድም ቃል የለም። ትንሿ ጣት ብድግ አለች፣ ገጹን አዞረች፤ እትዬ ምዕራፍም የራሷን ድምፅ የሌላ ሰው ያህል ሰማችው።

«የልዑሉ ሸሚዝ» ብላ አነበበች፣ «ከፊት አይከፈትም። ከኋላው፣ ከሁለቱ ክንፎቹ መሃል፣ ከአንገቱ እስከ ወገቡ በቁልፍ ይያዛል። የገዛ እጁ ወደዚያ አይደርስም። የሚቆልፍለት ሰውም የለውም። ስለዚህ ዘመኑን ሁሉ ጀርባው እንደተከፈተ ኖረ። ሰው ሲመጣ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ኮርቶ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን ጀርባው እንዳይታይ ነው።»

ከታች የመኪኖቹ ድምፅ ይሰማል።

«ወይ የኔ ጌታ» አለች የመንታዎቹ እናት ቀስ ብላ። «ብርዱስ?»

«ብርዱማ ይገባል እንጂ።»

መርፌዎቹ ተንቀሳቀሱ። መንቀሳቀስ ብቻ አይደለም፤ ሮጡ። ያን ዕለት በዚያ ክፍል የተተከለ ቁልፍ ሁሉ ለልዑሉ የተተከለ ይመስል ነበር፤ ክምሩም ሰዓቱ ሳይደርስ አለቀ። በማግስቱ አለቃዋ «እዚህ ብርሃኑ ይሻላል» ብላ ወንበሯን ወደ አንባቢዋ ጎተተች።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም። የእትዬ ምዕራፍ መቀመጫ መስኮቱ ጎን ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የግቢውን በር ያሳያል። መጽሐፉ ባዶ ባዶውን ሲሆንባት ዓይኗን ቀና አድርጋ ወደ በሩ ትመለከታለች፤ ያየችውን ክንፍ ታበቅልለታለች።

ለምሳሌ የአለቃዋ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ንግግር አይሆንለትም። ሰማዩ የጠቆረ ቀን መኪናውን ከበሩ ራቅ አድርጎ ያቆምና፣ ጃንጥላ ለዘበኛው ሰጥቶ፣ ማንም እንዳያየው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እትዬ ምዕራፍ ይህን ስንት ጊዜ አይታለች። ስለዚህ ልዑሉም በአንድ ምዕራፍ ላይ ከረገፈ ላባው ጃንጥላ ሠርቶ፣ ለልጅቷ በር ጠባቂው ዘንድ ትቶላት በረረ። አለቃዋ ይህን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንዲህም ያለ አለ ለካ!» ብላ ተነፈሰች። ማታ ዝናብ ጣለ፤ ያንኑ የባሏን ጃንጥላ ዘርግታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሁሉ የተወደደው ግን የጫማው ነገር ነው። ከሴቶቹ ታናሿን ሙሽሪት ይሏታል፤ ልታገባ ቀን ቆርጣለች። እጮኛዋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ኪሱ ሁልጊዜ በሽቦ ቁርጥራጭ እንዳበጠ ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጠሰ። ልጁ ሰው እየወጣ እየገባ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ አለ፤ እግሯን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ከኪሱ ሽቦ አውጥቶ ማሰሪያውን ጠገነ፤ እንዳይወጋት ጫፉን በጥርሱ አጠፈው። እትዬ ምዕራፍ መስኮቱ ላይ ደርቃ ቀረች። በማግስቱ የመጽሐፉ ልጅ ስትሰናከል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያት ተገኘላት፤ ማሰሪያዋ ተበጥሶ ነው። ልዑሉ በመኳንንቱ ሁሉ ፊት ተንበርክኮ፣ ከክንፉ ላይ የላባ አገዳ ነቅሎ ጠገነላት። ተራራውም ንቅንቅ አላለም።

ሙሽሪት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እትዬ ሙች፣ ድገሚልኝ!»

ደገመችላት። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ትንሽ ዞር ያለ ነበር፤ ልብ ያለ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማንም ያላሰበው ነው። ሙሽሪት ለእጮኛዋ ታሪኩን ነገረችውና «አንተ መቼም ሞተህ ተነስተህ እንዲህ አታደርግም» አለችው። ልጁ አኮረፈ። እሷም አኮረፈች። ከዚያ «ራሱ አንብቦ ይማርበት» ብላ መጽሐፉን ገዛች፤ ያንን ቦታ ፈለገች፤ አጣችው። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠች። ቁልፍ የለ፣ ጃንጥላ የለ፣ ጫማ የለ። መጽሐፍ ቤቱ ሄዳ «የሸጥክልኝ ገጹ ይጎድላል!» አለች።

መጽሐፍ ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በሌላ ቀየረላት። ያም ጎደሎ ሆነ። በሦስተኛው ግን ክብሩ ተነካ። በሥራ ዘመኑ ጎደሎ መጽሐፍ ሸጦ አያውቅም። አዲስ ቅጂ ብብቱ ስር ሸጉጦ ሙሽሪትን ተከትሎ የሸሚዝ ቤቱን ደረጃ ወጣ። የደረሱት ንባቡ መሃል ላይ ነው።

«ሙሉው መጽሐፍ ያለው እሷ ዘንድ ነው!» አለች ሙሽሪት በኩራት፣ እትዬ ምዕራፍን እያሳየች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ» አለ መጽሐፍ ሻጩ ኮፍያውን አውልቆ። «የቁልፉን ገጽ ብቻ ያሳዩኝ። ማተሚያ ቤቱን በማስረጃ ልይዘው ነው።»

እትዬ ምዕራፍ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሳታስበው መደርደሪያውን አየች፤ የተጠረገው ቦታ አሁንም ባዶውን ነው።

«የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ቁልፉ። ጃንጥላውም፣ ጫማውም የለም። ከራሴ ነው የጨመርኩት።»

መርፌዎች ቆሙ። የመንታዎቹ እናት አፏን በእጇ ያዘች። አለቃዋ ቀስ ብላ ብድግ አለች።

«ያለውን አንብቢ» አለች። «እንዳለ።»

እትዬ ምዕራፍ መነጽሯን አስተካክላ እንዳለ አነበበች። «ልዑሉ ተመለከታት። መንጋጋው ተወጠረ። ዓይኑ እንደ ቀለጠ ብር ተንቀለቀለ።»

«እሺ፤ ከዚያስ?» አለች የመንታዎቹ እናት።

«መንጋጋው እንደገና ተወጠረ።»

«ጥርሱን ነው እንዴ የሚያመው ሰውዬው?»

መጀመሪያ አንዷ ፍርስ አለች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ተናጋ። መጽሐፍ ሻጩ ሳይቀር፣ የገዛ ሸቀጡ ላይ፣ ኮፍያውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ያልሳቀችው ሙሽሪት ብቻ ናት።

«ሳቁ እናንተ!» አለች። «እኔ እጮኛዬን ያስቀየምኩት ለማን ብዬ ነው? መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ለሌለ ሰው?»

«ማን የለም አለሽ?» አለች እትዬ ምዕራፍ። «እስቲ እግርሽን ወዲህ በይ።»

ሙሽሪት ጎንበስ አለች። የጫማዋ ማሰሪያ ላይ ያቺ ሽቦ አለች፤ ጫፏ በጥርስ ታጥፎ።

«በዚህ መስኮት ነው ያየሁት። እሱ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ አንቺ ሰው አየኝ አላየኝ እያልሽ ግራ ቀኝ ትገላመጫለሽ። ሁሉን አየሽ፣ እሱን አላየሽውም። ክንፍ ሳበቅልለት ጊዜ ነው የታየሽ።»

ሙሽሪት ጫማዋን እንዳየች ቀረች። አለቃዋ «ጃንጥላውስ?» አለች። የሁሉም ዓይን በሩ ጥግ ወደተሰቀለው ጃንጥላዋ ሄደ።

«የኔ ሰውዬ?» አለች አለቃዋ። «ያ ድዳ? እኔን እኮ ሁልጊዜ ‹ዘበኛው ጋ ረስተሽው ነው› ነው የሚለኝ!» በዚያ በተተኮሰ ፊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር ወጣ፤ ከዓይኗ ጥግ ተነስቶ እስከ ጉንጯ።

«ይሁን» አለች የመንታዎቹ እናት። «የኋላ ቁልፉስ? የማን ባል ነው ጀርባው ተከፍቶ የሚዞረው?»

እትዬ ምዕራፍ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ሸፈነችው፤ ሹራቧን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። የመንታዎቹ እናት ጣቷን አየች። ሹራቧን አየች። ስንቱን ሙቀት ሹራብ ለብሳ እንዳሳለፈች ትዝ ሳይላት አልቀረም። ከዚያ ያቺ ያለ ጥያቄ ማደር የማትችል ሴት ምንም ሳትጠይቅ ተነሳች፤ ከኋላዋ ቆመች፤ ሹራቡን ገፈፍ አድርጋ ተከፍተው የቀሩትን የቀሚሷን የኋላ ቁልፎች ከወገቧ ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችላት። መጽሐፍ ሻጩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ነገም ጠዋት እዚሁ ነኝ» አለች የመንታዎቹ እናት ስትጨርስ።

አለቃዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወደ መደርደሪያው ሄዳ የሬዲዮው ቦታ ላይ የክር ካርቶን ደረደረች።

«ቀጥይ» አለች። «ብቻ ከራስሽ የጨመርሽ ጊዜ መነጽርሽን አውልቂ። ማንን እንደምንሰማ እንወቅ።»

መጽሐፍ ሻጩ አንድ ምዕራፍ ልስማ ብሎ በርጩማ ሳበ። እትዬ ምዕራፍ መነጽሯን አድርጋ አንድ መስመር አነበበች። መንጋጋው ተወጠረ። አወለቀችው። ከሰዓት በኋላው እስኪያልቅም መልሳ አላደረገችውም።

ሲወጡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ገና ኩርፊያው አልለቀቀውም። ሙሽሪት አጠገቡ ደርሳ ጫማዋን አሳየችው፤ ምን እንዳለችው አልተሰማም፤ ልጁ ግን አንገቱን አቀርቅሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ዞራ ተጣራች።

«እትዬ! እትዬ! የኔው ላይ መጨረሻውን አይቼዋለሁ፤ ልዑሉ ይሞታል! እውነት ይሞታል?»

እትዬ ምዕራፍ መንገዱን ልትሻገር ነበር፤ ቆመች። ዞር ብላ ሁለቱን አየቻቸው፤ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ዓይኗ ላይ አደረገች፣ ከዚያ አወለቀች።

«እንዴት ተደርጎ!» አለችና ሄደች፤ መጽሐፉን ብብቷ ስር ይዛ፣ ሹራቧን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጀርባዋ እስከ አንገቷ ተቆልፎ።